የከተማችን ቡድን የት ነው የሚጫወተው?

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ኢንዲያና ፔሰርስን በሰባተኛው ጨዋታ አሸንፎ የኤንቢኤን ዋንጫ ሲያነሳ፣ ለሲያትል የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ቀኑ የቁጭት ቀን ነበር። ዋንጫውን የወሰደው ቡድን እስከ 2008 ድረስ የእነሱ ነበር። ያኔ ስሙ ሱፐርሶኒክስ፣ በአጭሩ ሶኒክስ፣ ነበር። በ1967 ተመሥርቶ በ1979 ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1996 ደግሞ በጌሪ ፔይተንና በሾን ኬምፕ እየተመራ ለፍጻሜ ደርሶ በማይክል ጆርዳን ቺካጎ ቡልስ 4 ለ 2 ተረታ። አርባ አንድ ዓመት በአንድ ከተማ ኖሮ በአንድ ክረምት ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

በሬይነር ቫሊና በሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈሮች ላደጉ የሐበሻ ልጆች ሶኒክስ የሰፈራቸው ቡድን ነበር። አረንጓዴና ቢጫው ማሊያም ለሐበሻ ዓይን እንግዳ አልነበረም። አባት ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ስለ ኢትዮጵያ ቡና ሲያወራ፣ ልጅ ስለ ፔይተን የመከላከል ችሎታ ይመልስ ነበር። ዛሬ ያ ልጅ ራሱ ልጆች ወልዷል። ሶኒክስን በከተማው ሊያሳያቸው አይችልም። የአባትየውም ነገር ከዚህ የተሻለ አልሆነም፤ የአዲስ አበባ ቡድኖች ለዓመታት የሊግ ጨዋታቸውን አዳማ፣ ሀዋሳ፣ ድሬዳዋና ባሕር ዳር ላይ ሲያደርጉ ነው የከረሙት። ሁለቱም ደጋፊዎች የከተማቸውን ቡድን በከተማቸው ሜዳ ማየት ተነፍገዋል። የተነፈጉበት መንገድ ግን ለየቅል ነው፤ የሚከራከሩበት አቅምም እንዲሁ።

የሲያትሉ ታሪክ የሚጀምረው ከሽያጭ ነው። የስታርባክስ ሊቀመንበር የነበረው ሃዋርድ ሹልትዝ ቡድኑን በ2006 በ350 ሚሊዮን ዶላር ለክሌይ ቤኔትና ለኦክላሆማ ባለሀብቶች ሸጠ። (በዚያው ዓመት ስታርባክስ በሲዳሞ፣ በሐረርና በይርጋጨፌ ቡና የንግድ ስም ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውዝግብ ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ የሲያትል ሐበሾች የሰውየውን ስም በሁለት በኩል ይሰሙት ነበር።) ገዢዎቹ ቡድኑን በከተማው ለማቆየት በቅን ልቦና እንሠራለን ብለው ነበር። የጠየቁት አዲስ አዳራሽ ነው፤ ገንዘቡም በአብዛኛው ከግብር ከፋዩ እንዲመጣ ፈለጉ። የሲያትል መራጭ ግን በ2006 ባደረገው ድምፀ ውሳኔ፣ ከተማዋ ለስፖርት ቡድን የምታወጣው ገንዘብ ትርፍ የሚመልስ ካልሆነ አይውጣ ብሎ ከአራት ሦስት እጅ በሚጠጋ ድምፅ ወሰነ። ይህን መራጭ ቡድኑን የከዳ አድርጎ መውቀስ አይገባም። ትምህርት ቤትና መንገድ የሚጠብቅ ሕዝብ ለባለ ሚሊዮኖች አዳራሽ አልሠራም ማለቱ መብቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ኢትዮጵያዊው አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነው። ቡድኑ ከከተማዋ ጋር እስከ 2010 የሚቆይ የአዳራሽ ኪራይ ውል ነበረው። ከተማዋ ውሉን ይዛ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደች። የባለቤቶቹ የኢሜይል ልውውጥ ሳይቀር በችሎት ተነበበ። ፍርዱ ሊሰጥ ሰዓታት ሲቀሩት፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 2008፣ ተስማሙ፤ ባለቤቶቹ 45 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ቡድኑን ወሰዱ፣ የሶኒክስ ስምና ቀለም ግን ለሲያትል ቀረ። የቡድኑ ተጫዋች ኬቨን ዱራንት የመጀመሪያ ዓመቱን በአረንጓዴና ቢጫ ማሊያ ተጫውቶ ሁለተኛውን ኦክላሆማ ጀመረ። ደጋፊው ተሸነፈ፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም። ቢሆንም ውል ነበር፣ ፍርድ ቤት ነበር፣ በስምምነቱ የተረፈ ስም ነበር። ስሙ እስካሁን ማንም ሳይነካው ባለቤቱን ይጠብቃል። የቀድሞው አዳራሽም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈሶበት እንደ አዲስ ተሠርቶ በ2021 ተከፍቷል፤ የቅርጫት ኳስ ቡድን ቢመለስ የሚያርፍበት ቤት አለው።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት የጣሊያን ጦር አገር ውስጥ ገብቶ ነበር። በወረራው ዘመን ስሙን ተነጠቀ፤ በደርግ ዘመንም በሌላ ስም ተጫወተ። ደጋፊው ግን ሁለቱንም ጊዜ አልሸሸም። ኢትዮጵያ ቡና ከእሱ በአርባ ዓመት ቢያንስም የከተማዋን ግማሽ ልብ ይዟል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ማለትም በሸገር ደርቢ ቀን፣ ከማለዳ ጀምሮ አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ያለው መንገድ በብርቱካንማና በቡናማ ቀለም ይሞላ ነበር። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፤ እነዚህ ስሞች ለአዲስ አበባ ሰው የመቀመጫ ስም ብቻ አይደሉም። ሰው ከየትኛው እንደሚገባ ሲናገር ኪሱን፣ ወዳጆቹንና ጠባዩን አብሮ ይናገራል። ካታንጋ የገባ ሰው ዘጠና ደቂቃ ቆሞ እንደሚዘምር ያውቃል።

ይህን የወሰደ ባለሀብት የለም። ማንም ጊዮርጊስን ገዝቶ ወደ ሌላ ከተማ አልጫነውም። (ቡድን ከተማ ቀይሮ አያውቅም ማለት ግን አይደለም፤ በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ ያነሳው ደደቢት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአዲስ አበባ ወደ መቐለ ተዛውሯል።) የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ሜዳውን ያጣው በሌላ መንገድ ነው። በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የሊጉ ጨዋታዎች በየከተማው መካሄዳቸው ቀርቶ፣ ሁሉም ክለቦች አንድ ከተማ ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት ተሰብስበው ተጫውተው ወደሚቀጥለው ከተማ የሚሄዱበት አሠራር መጣ። በዚያው ዓመት የሱፐርስፖርት የቴሌቪዥን ስርጭት ተጀመረ። ካሜራና የስርጭት መኪና ከከተማ ከተማ ከማመላለስ አንድ ቦታ ተክሎ መቅረጽ እንደሚቀል ግልጽ ነው። ወረርሽኙ አለፈ፤ አሠራሩ ግን ቀጠለ።

የዚህን ዋጋ ለማየት 2013 ዓ.ም. ብቻ ይበቃል። ፋሲል ከነማ በዚያ ዓመት በታሪኩ የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ። ጨዋታዎቹ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ ላይ ነበሩ። የጎንደር ሕዝብ ቡድኑ ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት በአጼ ፋሲለደስ ስታዲየም አንድም የሊግ ጨዋታ አላየም። በዚያው ዓመት የቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ብዙም ሳይቆይ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። አንድ ትውልድ የሚጠብቀውን ዓይነት አጥቂ ያገኘው የቡና ደጋፊ አብዛኛውን ግብ ያየው በቴሌቪዥን ነው።

ቴሌቪዥኑ በጎ ነገር አላመጣም ማለት ሐሰት ይሆናል። ሲያትል ያለው ደጋፊ ራሱ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት የሚጀምረውን ጨዋታ ለማየት ሲያትል ላይ ሌሊት 10 ወይም 11 ሰዓት መነሳት አለበት፤ ይነሳል፣ ስልኩን ከፍቶ የሚያየውን መንገድ ይፈልጋል። ችግሩ የሚያየው ላይ ነው። አንድ ክፍል ብቻ የሞላ ሜዳ፣ ከሩቅ ከተማ ተሳፍረው የመጡ ጥቂት መቶ ደጋፊዎች፣ ከኋላቸው ባዶ ድንጋይ። አዳማ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ገንዘብ ያለው ይሄዳል። ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ ለአንድ ጨዋታ ደርሶ መልስ የሚሞከር አይደለም። የካታንጋ ሰው ደግሞ ካታንጋ የገባው ትኬቱ ርካሽ ስለሆነ ነበር፤ አሁን በመጀመሪያ የቀረው እሱ ነው። የሆሳዕና፣ የሶዶና የአርባ ምንጭ ደጋፊም ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠመውም።

ብሔራዊ ቡድኑም ከቤቱ ወጥቶ ተጫውቷል። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነትና በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች። ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፣ ሜዳው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ካፍ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የባሕር ዳርን ስታዲየም ካገደ በኋላ ደረጃውን ያሟላ ሜዳ ስለጠፋ ነው። እንዲያ ያለ ድል አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ኖሮ ከተማዋ እስከ ንጋት አትተኛም ነበር።

እዚህ ላይ የሁለቱ አገር ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ቡድን የግለሰብ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ ሲያሰኘው ይሸጠዋል። ነገር ግን ገቢው በደጋፊው ትኬትና በተመልካቹ ላይ ስለቆመ ደጋፊው ካልመጣ ባለቤቱ ይጎዳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከጥቂቶቹ በቀር ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። የ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ንግድ ባንክ ነበር፤ ያውም ከታች ባደገበት ዓመት። የ2017 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ነው። ሁለቱም በሜዳ ላይ ያገኙት ድል ነው፣ ይገባቸዋል። ነገር ግን በጀቱ ከደጋፊ ካልመጣ፣ ጨዋታው ከደጋፊው ከተማ ቢርቅ የሚጎዳ ሒሳብ የለም። ሜዳው ባዶ ሆኖ ሊጉ የሚቀጥለው ለዚህ ነው። ደጋፊው ያዝናል እንጂ ማንንም አያስጨንቅም።

ሲያትል ውስጥ ሌላም ትምህርት አለ፤ ከእግር ኳስ ቡድኑ ከሳውንደርስ። ሳውንደርስ በ2009 ወደ ኤምኤልኤስ ሲገባ ለደጋፊዎቹ ማኅበር አንድ ሥልጣን ሰጠ፦ በየአራት ዓመቱ የቡድኑ ዋና ሥራ አስኪያጅ ይቀጥል ወይስ ይሂድ ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ድምፅ በ2012 ተሰጠ። ቡድኑ በ2016 እና በ2019 የሊጉን ዋንጫ፣ በ2022 ደግሞ የኮንካካፍ ሻምፒዮንስ ሊግን ወሰደ፤ የሻምፒዮንስ ሊጉን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው የኤምኤልኤስ ቡድን ነው። ዋንጫውን ያመጣው ድምፁ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ሥራ አስኪያጁ በየአራት ዓመቱ ደጋፊ ፊት እንደሚቀርብ እያወቀ ይሠራል።

ትዕግሥትን በተመለከተ የሲያትል ሰው ከማንም አይማርም። የቤዝቦል ቡድኑ ማሪነርስ በ2001 ዓመቱን 116 ጨዋታ በማሸነፍ የሊጉን ክብረ ወሰን ተጋርቶ፣ ከዚያ እስከ 2022 ድረስ ጥሎ ማለፍ አልገባም። በ2025 ለዎርልድ ሲሪስ አንድ ድል ሲቀረው በቶሮንቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ፤ እስካሁን ወደዚያ ፍጻሜ ደርሶ የማያውቅ ብቸኛው የሊጉ ቡድን ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር የሚኖር ሐበሻ ከፈለገ ሜዳው ድረስ ሄዶ ያያቸው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ባቡር ተሳፍሮ በሩብ ሰዓት ሜዳው ደጃፍ ይወርዳል፤ በመደበኛ የውድድር ዓመት በከተማው የሚደረጉ 81 ጨዋታዎች አሉ። መሸነፍ ሌላ ነገር ነው፤ ቡድንን ከነጭራሹ አለማየት ሌላ። የመጀመሪያውን ደጋፊ ይችለዋል። ሁለተኛው ሲረዝም ልጆች የሚደግፉት ቡድን ይለወጣል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የአርሰናልና የማንቸስተር ማሊያ በየመንገዱ የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ተስፋ የሚሰጡ ነገሮች አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው፣ 62,000 ሰው እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም አንዱ ነው። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ለማዘጋጀት መጠየቋ ሌላው ነው። ነገር ግን የአፍሪካ ዋንጫ ለአንድ አገር በብዙ ዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ነው። የከተማ ክለብ በየሳምንቱ የሚጫወትበት፣ ሣሩ የተጠበቀ፣ መብራትና መጸዳጃ ያለው የአስር ሺህ ሰው ሜዳ ለደጋፊው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

በውጭ ያለው ደጋፊ በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በየዓመቱ በሐምሌ ሰሞን የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ሲደረግ (እ.ኤ.አ. በ2017 እዚሁ ሲያትል አጠገብ ሬንተን ላይ ነበር) የጊዮርጊስና የቡና ማሊያ የለበሰ ሰው አይጠፋም፤ ለክለቦቹም ገንዘብ ይዋጣል። ከዚህ በኋላ የሚዋጣው ገንዘብ ጥያቄ ይዞ ይሂድ፦ ክለቡ በጀቱን ለአባላቱ በግልጽ ያሳያል ወይ? አባላት አመራሩን በድምፅ ያጸድቃሉ ወይ? ፕሪሚየር ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበርም ሁሉንም ጨዋታ በአንድ ጊዜ ወደየከተማው መመለስ ባይችል፣ ከሸገር ደርቢ ይጀምር፤ ሁለቱም ዙር አዲስ አበባ ላይ ይሁን። ቀጥሎ ፋሲል ጎንደር ላይ፣ ወላይታ ድቻ ሶዶ ላይ፣ ሀዲያ ሆሳዕናም ሆሳዕና ላይ ይጫወቱ። ለክለቡ የምትከፍሉ ወገኖች፣ ይህን ጥያቄ በሚቀጥለው መዋጮ ጊዜ በጽሑፍ አቅርቡ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።