የቆላ ሰው በስሜን ሌሊት

አንባቢ ሆይ፤ እንደ እኔ በድሬዳዋ ሙቀት ያደጉ እንደሆነ፣ የታኅሣሥን ዕረፍት በስሜን ቢያሳልፉ አይቆጩም። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከደባርቅ በላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው።

ባደርሁባት የሣር ጎጆ ጋቢ ደርቤ፣ የከሰል ማንደጃ አስጠግቼ በሩን ዘጋሁ። እንዴት ይመቻል! ጥቂት ቆይቶ ግን ራሴን ይፈልጠኝ፣ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር። ባለቤቲቱ እማማ ደርሰው በሩን ብርግድ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ብርዱን ጋቢ ይመልሰዋል፤ የከሰሉን መርዝ ማን ይመልሰዋል?» ብለው ማንደጃውን አወጡት።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ እንደሌለው በክፍል የማስተምረው እኔው ነኝ!

ጧት ጭላዳዎቹ በገደሉ አፋፍ ፀሐይ ሲሞቁ፣ እኔም አብሬያቸው ሞቅሁ። ሲሄዱ ጋቢ ይደርቡ፤ ከሰሉን ግን ከደጅ ይተዉት።