ሕመሙ ሲለቅ ጡንቻው አገግሟልን?

ሰው ስለ እግሩ ጤንነት የሚያምነው ሕመሙን ነው። ቁልቁለት የሮጠ ሰው ሕመሙ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይበረታበታል፤ በሳምንት ውስጥም ይለቀዋል። የኤም አር አይ ምስል ግን ይህን የጊዜ ሰሌዳ አይከተልም።

በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ ውኃ ስለሚስብ፣ የውኃው ምልክት የሚከስምበት ጊዜ፣ ማለትም ቲ2፣ ወዲያው ይረዝማል፤ በ1 ሰዓት ገደማ ዕረፍትም ይመለሳል። እየተለጠጠ የሠራ ጡንቻ ከተጎዳ ግን ቲ2 ከቀናት በኋላ ዳግመኛ ይጨምራል፤ ሕመሙ ከጠፋም በኋላ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ይሁንና የምስሉ ለውጥ ብቻውን የድክመት ማስረጃ አይሆንም፤ ኃይል ከምስሉ ቀድሞ ሊመለስ ይችላልና።

ስለዚህ «አገግሟል» ሦስት ፍቺ አለው፦ ሕመሙ ለቋል፣ ኃይሉ ተመልሷል፣ ምስሉ ጠርቷል። ሯጭን ወደ ልምምድ የሚመልስ ባለሙያ የትኛውን እንደለካ አስቀድሞ ሊናገር ይገባዋል።