ከውስጥ የሚቆለፍ በር

መቼም አማርኛችን ውጭ ማደርን አይወድም። “ሜዳ ላይ ወደቀ” ስንል ስለ ሽርሽር አናወራም። “ጎዳና አዳሪ”፣ “ዱር አዳሪ” ሁሉም የመከራ ቃል ነው። በእኛ ቋንቋ ደጅ ያደረ ሰው ወይ ቤቱ ፈርሷል፣ ወይ ተባሯል፣ ወይ ሸፍቷል። ከውጭ የተዋስነው “ካምፕ” እንኳ እኛ ዘንድ ሲደርስ ወይ የወታደር ሆነ፣ ወይ የስደተኛ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን “ቃል የሚፈታው በመዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም፤ በኖሩበትም ነው” እያልኩ ተማሪዎቼን አሰለች ነበር። ለዚህ አባባሌ ደህና ምሳሌ ያገኘሁት ግን ዘግይቼ፣ አሜሪካን አገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ጋ እንግዳ ሆኜ ሰንብቼ ነበር። ቤተሰቡ ትምህርት ሲዘጋ አር ቪ ተከራይቶ ጫካ ሊያድር አስቧል። አር ቪ ማለት አልጋው፣ ምድጃው፣ መጸዳጃው ሳይቀር ተጭኖ የሚሄድ ባለጎማ ቤት ነው። (“ቤት ለእምቦሳ” ይባልለት አይባልለት እንጃ!) ሐሳቡ የ19 ዓመቷ ልጃቸው ነው። ስድሳውን ያለፈው አባቷ ግን “መጀመሪያ ቦታውን በዓይኔ ልየው” አለ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማልደን፣ እሷ እየነዳች፣ ሦስት ሆነን ቦታ ልናማርጥ ወጣን።

መጀመሪያ ያየነው ከፍሮንት ሮያል ከተማ በስተደቡብ ያለውን የሸናንዶ ወንዝ የክፍለ ግዛት ፓርክ ነው። አር ቪው የሚቆምበት ቦታ ቁጥር አለው፤ ውሃና ኤሌክትሪክ የሚሰካበት፣ እሳት የሚነድበት፣ ማዕድ የሚቀርብበት ሁሉ ተዘጋጅቷል። ልጅቷ ፎቶ ታነሳለች። አባትየው ይጠይቃል፦ “ውሃው ስንት እርምጃ ነው? ሌሊት ማን ይጠብቃል?”

“ዳዲ፣ ሆቴል እኮ አይደለም!” ትለዋለች።

በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ከ14 ሌሊት በላይ መቆየት እንደማይፈቀድ ሲያነብ ብቻ ሳቀ። “ሰማህ መምህር? እዚህ ደግሞ ካልወጣህ ያስወጡሃል!” አለኝ። እኔ ገባኝ። ልጅቷ ግን ለምን እንደሳቅን አላወቀችም።

ከዚያ ወደ ሸናንዶ ብሔራዊ ፓርክ ወጣን። ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት መንገድ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል ይዘረጋል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ35 ማይል አይበልጥም። 32ኛው ማይል ላይ ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ዋሻ አለ። ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነውና ከዚያ የሚረዝም አር ቪ ይዞ የመጣ ሰው ሌላ መግቢያ ይፈልግ። በፓርኩ ውስጥ ያሉት የማደሪያ ሥፍራዎች የኤሌክትሪክ መስመር የላቸውም። ድብ ስላለ ምግብ ሁሉ መኪና ውስጥ መቆለፍ አለበት።

57ኛው ማይል ላይ ሉዊስ ማውንቴን ደረስን። ከፓርኩ ማደሪያዎች ሁሉ ትንሹ ይኸው ነው፤ 30 ያህል ቦታ ቢኖረው ነው። ጥላው ግሩም ነው፤ ጸጥታውም እንደዚያው። ታሪኩ ግን ጸጥ አያሰኝም። እ.ኤ.አ. በ1939 ሲከፈት ለጥቁሮች ብቻ የተለየ ክልል ነበር፤ መግቢያው ላይም ይህንኑ የሚናገር ምልክት ተተክሎ ነበር። መለያየቱ ፈጽሞ የቀረው በ1950 ነው። በ1935 ፓርኩ እንዲቋቋም ደግሞ በተራራው ላይ ይኖሩ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች መሬታቸውን ለቀዋል። አንዱ በፈቃዱ ሜዳ ላይ እንዲያድር ሌላው ያለፈቃዱ ሜዳ ላይ ወድቋል ማለት ነው።

ልጅቷ ይህን ከስልኳ ጮክ ብላ አነበበችልን። ለአፍታ ዝም አለችና “ዳዲ፣ አንተ ካምፕ አድረህ ታውቃለህ?” አለችው።

“ሁለት ዓመት።”

ሳቀች። ፊቱን ስታየው አቆመች። ከደርግ ሸሽቶ በእግሩ ሱዳን መግባቱን፣ ገዳሪፍ አካባቢ በስደተኛ ካምፕ መኖሩን፣ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ከሌሊት ጀምሮ መሰለፉን ያን ቀን ነገራት። እዚያው የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ይዘነው የመጣነው ፍርፍር እየቀዘቀዘ። ልጅ አባቷን ለ19 ዓመት አብራው ኖራ፣ ሸሽቶ መምጣቱን እንጂ ያንን ድንኳን አታውቅም ነበር። ብዙ የእኛ ሰው ቤት እንዲህ ነው። መከራውን ከልጅ ደብቀን ስናበቃ፣ ልጁ ስለማያውቀን እናዝናለን።

“በቃ ይቅር፣ ሌላ ነገር እናድርግ” አለች ድምፅዋ ተሰብሮ።

“ምን በወጣው ይቀራል!” አለ። “ይኸው ቦታ ይሁን። መብራት ባይኖረውም እችልበታለሁ። ድንኳን ግን አልገባም፤ ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው ነገር ተከራዩ።” ቀጥሎም ዋሻውን ለመሸሽ በደቡብ በኩል፣ በስዊፍት ረን ጋፕ፣ መግባት እንደሚሻል ከልጁ ጋር ካርታ ላይ ተስማሙ።

ያን ዕለት ያየሁት ዛፍ ገዳሪፍ ካለው ሊለመልም ይችላል። ልዩነቱ ግን ዛፉ አይደለም። ሰው ጠዋት ተነስቶ “በቃኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ” ማለት ከቻለ፣ ያደረበት ቦታ መዝናኛ ነው። ይህን ማለት ለማይችሉት፣ ዛሬም ብዙ ናቸው፣ ያው ቃል ሌላ ፍቺ አለው።