ሞተርን የሚመረምረው የዓባይ በረሃ

ውድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጎጃም በመኪና የተጓዙ እንደ ሆነ የዓባይን በረሃ ያውቁታል። ያልተጓዙም እንደ ሆነ አንድ ቀን ሥራ ወይም ዘመድ በዚያ ሊያሳልፍዎ ይችላልና፣ ስለዚህ ስፍራ ጥቂት ላጫውትዎ። የማጫውትዎ ስለ ገደሉ ግርማ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ገደል ውስጥ ስለ ፈላች አንዲት መኪናም ነው።

በ2006 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የእህቴን ልጅ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ በአሮጌ ፒክአፔ ተነሣን። ከኋላ ፍራሹ፣ ሣጥኑና እናቱ የቋጠረችለት በሶና ቆሎ ተጭኗል። ምዝገባው በማግሥቱ ያልቃል። እንጦጦን ተሻግረን፣ የሱሉልታን ሜዳ፣ ጫንጮንና ገብረ ጉራቻን አልፈን፣ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል ንቅንቅ አላለም ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልናዘዝ ባልፍ ደግ አይሆንም። ያን ሰሞን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ጧት ጧት ለራዲያተሩ ግማሽ ሊትር ያህል የቧንቧ ውሃ እጨምር ነበር። መኪናዋ ካደረችበት መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ እንኳ አይታይም። «አሮጌ መኪና ውሃ ይወዳል» እያልኩ ተውኩት። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል የሚዘዋወረው ውሃ ተዘግቶ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ከጎደለ በአንድ በኩል ወጥቷል ማለት ነው።

ጎሐ ጽዮንን አለፍ እንዳሉ ሜዳው በድንገት ያልቅና እግርዎ ሥር ሌላ አገር ይከፈታል። እርስዎ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ላይ ቆመዋል፤ ዓባይ ግን ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ መጠምዘዝ እንጂ መዘርጋት አያውቅም። ሲወርዱ የገደሉን ግድግዳ ይመልከቱ፤ ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከእርሱ በታች ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ከሁሉም ሥር ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ ተደራርበው ይታያሉ። ምድሩ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም እንደ ቆዳ ተጨማዷል። ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይታዘባሉ።

በቁልቁለቱ የሚፈተነው ፍሬን ነው። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ይገባል፤ ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱ ሁሉ የተቃጠለ ሽታቸው ቀድሟቸው ይደርሳል። ወንዙ ዘንድ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዱ አሮጌው፣ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የተከፈተው ነው። ጧት ሱሉልታ ላይ ያጠበቅነውን ሹራብ እዚህ አወለቅን።

የሞተር ፈተና የሚጀምረው ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ነው። መኪናዋ ጭነቷን ይዛ በከባድ ማርሽ ትወጣለች፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናዋ አትፈጥንምና ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ጥቂት ነው፤ ያም ነፋስ የቆላ ነፋስ ነው። ኩራርን አልፈን ጥቂት እንደ ወጣን መርፌው ተነሣ። «እስከሚቀጥለው ጠመዝማዛ» እያልኩ ሦስት ጠመዝማዛ አለፍኩ። በአራተኛው ላይ ከሞተሩ ክዳን ሥር ነጭ እንፋሎት ፈነዳ።

ልጁ ከእኔ ይልቅ ቀልጣፋ ነውና፣ ሸሚዙን አውልቆ እጁ ላይ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ጎንበስ አለ። በዚያች ቅጽበት ከላይ ሲወርድ የነበረ የጭነት መኪና ቆመና አንድ ሽበታም ሾፌር ጮኹ።

«እጅህን አንሣ ልጄ!»

ወርደው መጡና ምንም ሳይናገሩ የክንዳቸውን እጅጌ ሰብስበው አሳዩት። ከእጃቸው አንጓ እስከ ክርናቸው ቆዳው ተኮማትሯል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርገዋል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት የታፈነው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ጠበቅን፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሽማግሌው ወፍራም ጨርቅ ደርበው፣ ፊታቸውን አዙረው፣ ክዳኑን በጥቂቱ ብቻ አላሉት። እስኪተነፍስ ቆዩና ከፈቱ።

«አሁን ንገረኝ» አሉኝ፤ «ውሃው ጎድሎ ነው የሞቀችው፣ ወይስ ሞቃ ነው ውሃው የጎደለው?»

መልስ አልነበረኝም። ውድ አንባቢ፣ የሞተር ሙቀት ምርመራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ውሃው ሳይጎድል የምትሞቅ መኪና ወይ ውሃው አይዞርላትም፣ ወይ ነፋስ አያገኛትም። የራዲያተሩ ወንፊት በጭቃና በገለባ ተደፍኗል፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ ላልቷል፣ ወይም ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት ተዘግቶ ቀርቷል፤ የላይኛው ጎማ ቱቦ ሲፋጅ የታችኛው ቀዝቅዞ ከተገኘ አንዱ ምልክት ነው። ውሃ የሚጎድላት ግን መውጫው ይፈለጋል።

ሽማግሌው እየዞሩ ፈለጉ። የቱቦዎቹን ጫፍ በጣታቸው ዳሰሱ። የውስጡን ምንጣፍ በተሳፋሪው እግር በኩል አስነሡኝ፤ ርሶ ቢሆን ኖሮ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ቀዷል ማለት ነበር። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ። ይህን ሲያደርጉ ፊታቸው ጠበበ። በሞተሩ አካልና በቴስታታው መካከል ያለው ስስ ማሸጊያ የተቃጠለ እንደ ሆነ ውሃ ከዘይት ይቀላቀልና ዘይቱ ቡና በወተት ይመስላል፤ ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ጉዞው እዚያው ያልቃል። ዘይቱ ጥቁር ነበር። ልጁ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት።

በመጨረሻ ከውሃ ፓምፑ ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ላይ ቆሙ። ከቀዳዳዋ ወደ ታች ነጭና ዝገት የተቀላቀለበት የደረቀ መስመር ወርዷል። ፓምፑ ውስጡ ሲያረጅ የሚያፈስሰው በዚያች ቀዳዳ ነው። ውሃው የሚወጣው ሞተሩ ሲሞቅ ስለ ነበር፣ ትኩሱ ብረት ላይ እዚያው ይደርቃል፤ መሬት የሚደርስ አልነበረም።

ሞተሩ ተነሥቶ በዝግታ እየሠራ ለብ ያለ ውሃ ጥቂት በጥቂት ጨመርን። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ቴስታታ ላይ መድፋት ብረቱን ይሰነጥቃልና። ጋሼ ሁለት ጀሪካን ውሃ ከራሳቸው ሰጡን፤ ገንዘብ ብንሰጥም አልተቀበሉም። «ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈት፣ መስኮቱንም ክፈት» አሉኝ። የጓዳው ማሞቂያ ከሞተሩ ሙቀት ይካፈላል። እኛም በበረሃ ማሞቂያ ከፍተን፣ ላባችን እየተንጠባጠበ፣ ሁለት ጊዜ ቆመን ደጀን ወጣን። የደጀን ነፋስ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ልጁ በማግሥቱ ተመዘገበ። ፓምፑ እዚያው ደብረ ማርቆስ ተቀየረ፤ ተራ ውሃውም ተደፍቶ በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ተተካ። ስመለስ ብቻዬን ነበርኩ፤ የጎሐ ጽዮንን ዳገት ስወጣ መርፌው ከመካከል አልተነሣም። እኔ ግን ገደሉ አፋፍ ላይ አቆምኩና፣ ሞተሩን ከፍቼ፣ በባትሪ መብራት የፓምፑን ሥር አየሁ። ደረቅ ነበር።