ኤሊስ ደሴት ላይ ያልተነገረው ምክንያት

ልጆቻችን ኒውዮርክ ወይም ኒውጀርሲ ያሉልን ወላጆች ለጥየቃ ስንሄድ የምንወሰድበት ቦታ ይታወቃል። ታይምስ ስኩዌር፣ ትልልቅ ሱቆች፣ ከዚያ የነፃነት ሐውልት ሥር ቆሞ ፎቶ መነሣት። ወደ ሐውልቱ የሚወስደው ጀልባ ግን ሌላ ደሴት ላይም ይቆማል። ብዙዎቻችን እስከዚያ እግራችን ስለሚዝል ሳንወርድ እናልፈዋለን። ኤሊስ ደሴት ይባላል። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል እኔ ይህንን ነው የምመርጠው፤ ዕድሜዋን በነርስነት ያሳለፈች ሴት እዚያ የምታየው አታጣም።

ጀልባው ከሁለት ቦታ ይነሣል፤ ከማንሃተን ባተሪ ፓርክና ከኒውጀርሲ ሊበርቲ ስቴት ፓርክ። እኛ ልጄ ጀርሲ ሲቲ ስለምትኖር በሁለተኛው ሄድን። ከመሳፈራችሁ በፊት ልክ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ቦርሳችሁ በማሽን ያልፋል። ለሙዚየሙ መግቢያ አይከፈልም፤ የምትከፍሉት የጀልባውን ብቻ ነው።

ደሴቱ በ1892 የስደተኞች መቀበያ ሆኖ ተከፍቶ በ1954 ተዘጋ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በእነዚያ ዓመታት ከ12 ሚሊዮን በላይ ሰው አልፎበታል። በ1907 በአንድ ቀን ብቻ ከ11 ሺህ በላይ ሰው የተስተናገደበት ጊዜ ነበር። የመጡት ሰዎች ሻንጣና ጓዛቸውን ምድር ላይ ትተው በደረጃ ወደ ትልቁ አዳራሽ ይወጣሉ። ምርመራው የሚጀምረው እዚያው ደረጃው ላይ ነው። ሐኪሞቹ ከላይ ቆመው ማን እንደሚያለከልክ፣ ማን እንደሚያነክስ፣ ማን ደረቱን እንደሚይዝ ይመለከታሉ። እኔም ድንገተኛ ክፍል ስሠራ በሽተኛው ከበር እስከ ወንበሩ ሲራመድ አይቼ ግማሹን እገምት ስለነበር ነገሩ አልገረመኝም።

የተጠረጠረው ሰው ኮቱ ላይ በጠመኔ ፊደል ይጻፍበታል። ለልብ ኤች፣ ለማነከስ ኤል፣ ለዓይን ኢ፣ ለአእምሮ ኤክስ። ከሁሉ የሚፈራው የዓይኑ ነበር፤ ትራኮማ የተገኘበት ሰው ሊመለስ ይችላልና። ትራኮማ ለእኛ አገር ሰው ባዕድ አይደለም። እኛ በጤና ጣቢያ የላይኛውን የዓይን ቆብ በጣታችን ገልብጠን ነበር የምናየው። እዚያ ግን አንዳንዶቹ ሐኪሞች ሴቶች የጫማቸውን ቁልፍ በሚስቡበት ቀጭን የብረት መንጠቆ ይገለብጡት ነበር። ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወሩ መንጠቆው በደንብ ይጸዳ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። የሙያ አመል ነው።

ጠመኔው ለሰው ክብር የሚመች ነገር አይደለም። ነገር ግን ይታያል። ምልክቱ የተደረገበት ሰው ምን እንደተጻፈበት ያያል፤ ኮቱን ገልብጠው ለብሰው ያለፉም እንደነበሩ ይነገራል። ወደ ጎን የተወሰደው በደንብ ይመረመራል፣ ሆስፒታል ተኝቶ ይታከማል፣ ብዙው ድኖ ይገባል። በመጨረሻ ወደ መጣበት የተመለሰው ከመቶ ሁለት ያህል ነበር።

ከሐኪሙ ቀጥሎ ጥያቄ ነበር፤ ስምህ ማነው፣ ገንዘብ ስንት ይዘሃል፣ ማን ይቀበልሃል። በ1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ከተገደሉ በኋላ በ1903 የወጣው ሕግ ደግሞ አናርኪስቶች እንዳይገቡ ከለከለ። ገዳዩ ራሱ እዚያው አሜሪካ የተወለደ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ መርማሪው አናርኪስት ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎ ብሎ የሚመልስ ካለ እሱን ባየሁት! የሆነው ሆኖ ይህም ቢሆን ፊት ለፊት የሚጠየቅና የሚመለስ ነበር።

ከ1924ቱ ሕግ በኋላ ማጣራቱ በብዛት ወደ ኤምባሲና ቆንስላዎች ተዛወረ። ልጆቻችን አዲስ አበባ ኤምባሲ በር ላይ የሚሰለፉትም ከዚያ በመጣ ልማድ ነው። ደሴቱ ደግሞ እየቆየ ማቆያ ሆነ። ቤት ስመለስ ስለዚህ ዘመኑ አንብቤ ነው ሁለት ሰዎችን ያወቅሁት።

የመጀመሪያዋ ኤለን ናውፍ ናት። ጀርመን ተወልዳ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ሄደች፤ በናዚ ዘመን እንግሊዝ አገር ተሰድዳ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አየር ኃይል አገለገለች። በኋላ ጀርመን ውስጥ ለአሜሪካ ጦር መሥሪያ ቤት ስትሠራ አንድ የቀድሞ የአሜሪካ ወታደር አገባች። በነሐሴ 1948 ባሏ አገር ለመግባት ኒውዮርክ ስትደርስ ወደ ኤሊስ ደሴት ተወሰደች። መግባትሽ ለአሜሪካ ጥቅም አደገኛ ነው ተባለች። ምን አድርጌ ብትል መልስ የለም፤ በጦርነቱ ጊዜ በ1941 በወጣ ደንብ መሠረት ማስረጃው ምስጢር ነው፣ ማንም ቀርቦ አይከራከርበትም።

ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በጥር 1950 አራት ዳኞች ለመንግሥት፣ ሦስት ለእሷ ፈረዱ፤ የውጭ አገር ሰው በር ላይ ሳለ ሕግ አውጪው የፈቀደለት ሥርዓት ይበቃዋል ተባለ። ከሦስቱ አንዱ ጃክሰን የሚባሉት ዳኛ ነበሩ፤ ከዚህች ሴት መግባት ይልቅ እንዲህ ያለው አሠራር ለአገሪቱ ነፃነት ይበልጥ ያሰጋል የሚል ሐሳብ ጻፉ። እኚሁ ዳኛ ናቸው በዚያው ዓመት ኤለንን አውሮፕላን ሊያሳፍሯት ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ያስቆሙላት። ጋዜጦች ጮኹላት፣ የምክር ቤት አባላትም ጠየቁ። በ1951 ጉዳይዋ በግልጽ ተሰማ። የቼኮዝሎቫኪያ ሰላይ ናት የሚል ነበር ክሱ። የይግባኝ ቦርዱ ማስረጃውን ሲመረምር ከሰው የተሰማ ወሬ ሆኖ አገኘው። በኅዳር 1951 ገባች። ሦስት ዓመት ያስጠበቃት ምስጢር ሲከፈት ወሬ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነበር፤ ኢግናትስ ሜዜይ ይባላል። ይህ ነው ለእኛ ለወላጆች የሚከብደው። በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በበፋሎ ከተማ 25 ዓመት ኖሯል። በ1948 ሩማንያ ያለች እናቱ ልትሞት ነው ቢባል ሊያያት ተነሣ። ሩማንያ አላስገባችውም፤ ሃንጋሪ ውስጥ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ተንከራተተ። እናቱን ሳያይ በ1950 ወደ ሚስቱ ሲመለስ ኤሊስ ደሴት ላይ ተያዘ። ምክንያቱ ምስጢር ነው። ፈረንሳይ ላኩት፣ መለሰችው። እንግሊዝም መለሰችው። ሃንጋሪ አልቀበልም አለች፤ የላቲን አሜሪካ አገሮችን ቢጠይቅ እነሱም እንቢ አሉ። የሚሄድበት የለ፣ የሚገባበት የለ። በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ያለ ክርክር ማቆየት ይቻላል አለ።

በማግስቱ ዓመት በመጨረሻ ሲሰማለት የተነሡበት ነገሮች ኮሚኒስቶች አሉበት የተባለ የሠራተኞች ማኅበር አባልነትና፣ ከብዙ ዓመት በፊት የተሰረቀ ዱቄት ተቀብለሃል ተብሎ የተቀጣበት ጉዳይ ነበሩ። አሁንም መግባት አይገባውም ተብሎ ተወሰነበት፤ ግን በነሐሴ 1954 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በልዩ ፈቃድ ለቀቁት። ከሦስት ወር በኋላ ደሴቱ ራሱ ተዘጋ።

መንግሥት ምስጢር አይኑረው አልልም። እኛም ምስጢር ጠባቂዎች ነበርን፤ የበሽተኛ ካርድ ለጎረቤትም ለዘመድም አይታይም። ከባለቤቱ ከራሱ ግን አይደበቅም። እርግጥ በእኛ አገር ክፉ በሽታ ሲገኝ ለቤተሰብ ተነግሮ ለታማሚው የሚደበቅበት ልማድ ነበረ፤ አሁንም አለ። ታማሚዎቹ ያውቁ ነበር እኮ። ዓይናችንን እያዩ ያልነገርናቸውን ነገር ከእውነተኛው የባሰ አድርገው ያስቡታል። የጠመኔው ምልክት ይታከማል፣ ይስተባበላል። ፋይል ውስጥ ያለውና የማታውቀው ግን መልስ የለውም፤ ሜዜይ ስለዱቄቱ መልስ ሊሰጥ የሚችለው ዱቄቱ ሲነሣበት ነው።

የኔ ዘመን ሰዎች ይህን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በደርግ ጊዜ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ይጠየቅ ነበር፤ ስንቱ ስሙ የት እንደሚመረመር፣ ማን ምን እንደጻፈበት ሳያውቅ ጠበቀ። ዛሬም ቃለ መጠይቁን ጨርሶ «አድሚኒስትራቲቭ ፕሮሰሲንግ» ተብሎ የሚመለስ ልጅ በየሰፈሩ አለ። በአሜሪካ ሕግ የቪዛ መዝገብ ምስጢር ነውና ምን እየተጣራ እንደሆነ አይነገረውም። ወላጅ ደግሞ ምክንያት ሲያጣ ልጁን ይጠይቃል፤ ምን አጥፍተህ ነው? ማን ጋር ገጥመህ ነው? እባካችሁ ይህን ጥያቄ አታብዙባቸው። እነሱም አያውቁም።

ወደ ደሴቱ የምትሄዱ ከሆነ ሆስፒታሉን ሳታዩ አትመለሱ። ለብቻው ቲኬት ይቆረጥለታል፤ ሕንፃው ስላልታደሰ የግንበኛ ሄልሜት አድርጋችሁ ነው የምትገቡት። ፍራሽ እንዳለ የሚያስገባ ኦቶክሌቭ አለ፤ እኛ መርፌና መቀስ የምንቀቅልበትን ላስታወሰ ያስደንቃል። የተላላፊ በሽታዎች ክፍል መስኮቶች ወደ ነፃነት ሐውልቱ ያያሉ። ትንንሽ ልጆችን ስለማያስገቡ የልጅ ልጄ ከአባቱ ጋር ስደተኞች ስማቸው በተቀረጸበት ግድግዳ ዘንድ ቆየ። መቆምና መሄድ ይበዛዋል፤ ጫማችሁ ጠፍጣፋ ይሁን፣ የመመለሻ ጀልባውንም ሰዓት ቀድማችሁ ጠይቁ።