ቀይ ወይን፣ ሽሮ እና የካርቱም እናቶች

በ2023ቱ ጦርነት ከካርቱም ወጥታችሁ አዲስ አበባም ካምፓላም ለደረሳችሁ፣ ዛሬ ስለ እራት ልጻፍ።

ካርቱም ሳለን ወይን ከሽሮ ጋር የማይታሰብ ነበር። ኒሜሪ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 የሸሪዓ ሕግ አውጆ መጠጡን ዓባይ ውስጥ ካስደፋ ወዲህ አገሩ ደረቀ። ለእኛ ቀዩ መጠጥ ከርከዴ ነበር፤ ኮምጠጥ ስለሚል ከሽሮ ጋር ይስማማል።

አሁን እንደ ልብ በሚሸጥበት አገር ያላችሁ፣ ውድ ጠርሙስ አያስፈልጋችሁም። በርበሬው ለበረታ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ቀይ ወይን ምረጡ፤ ጣፋጩ ቃጠሎውን ያበርደዋል። እንደ ጉደር ያለው ደረቅ ወይን ግን ቃጠሎን ያብሳል፤ እሱን ለጥብስ አቆዩት። ምላስ የሚይዘውን ጠባዩን የሥጋው ስብ ያለዝበዋል። ቀይ ወይን ከመቅረቡ በፊት ትንሽ ቢቀዘቅዝም ጥሩ ነው። ለማይጠጣ እንግዳ ከርከዴ አይጥፋ።

አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። በ2020 ሕጉ ተሻሽሎ ሙስሊም ላልሆነ ሰው በግሉ መጠጣት እስኪፈቀድ ድረስ፣ ጠጅና አረቄ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ እናቶቻችን በአፈሳ፣ በእስርና በቅጣት፣ አንዳንዴም በግርፋት አልፈዋል። እኛ በራት ሰዓት በኩራት የምንቀዳውን እነሱ በፍርሃት ነው የቀዱት። ዛሬም «አረቄ ሻጭ» እያለ የሚያሽሟጥጣቸው አለ። የብዙዎቻችንን የቤት ኪራይና የመንገድ ገንዘብ የከፈሉት እነሱ ናቸው። ስድቡን እንተው፤ ያሉበትን እንጠይቅ፤ ማዕዱ ላይ ቦታቸውን እንስጣቸው።