ማዘንበል የማን ነው?

አውሮፕላን ስሳፈር የምፈልገው ከክንፉ ወደ ኋላ ያለ የመስኮት ወንበር ነው። ሌላው ሰው ደመናና ተራራ ሊያይ ይሻማል፤ እኔ የክንፉን የኋላ ጠርዝ አያለሁ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ያንኑ ጠርዝ በስጋት ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ያ ቆርቆሮ ሊገነጠል ነው እንዴ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ እሱ ነው እኮ የሚያዞረን» አልኳቸው። «ታዲያ መሪው ምን ሊሠራ ተቀመጠ?» አሉና ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ (ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ልቁጠር) ለመብረር ይደክሙ ከነበሩት አብዛኞቹ ያስቡ የነበረው ልክ እንደሳቸው ነው። ማሽኑ እንደ መርከብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ መታጠፍ ሲያስፈልግ ከኋላ መሪው ይዞራል። ማዘንበል አደጋ ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ማሽን ማለት የማያዘነብል ማሽን ነው። የቀረው ጭንቀት የሞተር ጉልበት ነበር። የስሚዝሶኒያን ተቋም ኃላፊ ሳሙኤል ላንግሊ ከአሜሪካ ጦር ሚኒስቴር 50,000 ዶላር ተቀብሎ፣ 52 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ለዘመኑ ድንቅ የሆነ ሞተር አሠራ። ማሽኑ ወደ ጎን ሲያጋድል አብራሪው የሚመልስበት ዘዴ ግን አልነበረውም። ቢኖረውም የሚጠቀምበት ጊዜ ባላገኘ፤ በ1903 መጨረሻ ሁለት ጊዜ ተወንጭፎ ሁለቴም ፖቶማክ ወንዝ ውስጥ ገባ። ከሁለተኛው ጥምቀት ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ 12 የፈረስ ጉልበት ብቻ ባለው ሞተር፣ ኦርቪል ራይት በሰሜን ካሮላይና አሸዋ ላይ ለ12 ሴኮንድ በረረ።

ኦርቪልና ታላቅ ወንድሙ ዊልበር ኦሃዮ ውስጥ፣ ዴይተን ከተማ፣ ብስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። ምስጢሩ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ማዘንበልን አይፈራም፤ የሚወድቀው ሳያዘነብል የታጠፈ ቀን ነው። በ1899 ዊልበር ሱቁ ውስጥ ከደንበኛ ጋር እያወራ፣ የጎማ ላስቲክ የመጣበትን ረዥም ባዶ ካርቶን ጫፍና ጫፉን ይዞ ይጠማዝዝ ነበር። አንዱ ጫፍ ቀና፣ ሌላው ደፋ ሲል አየ። ካርቶኑ ሁለት ክንፍ የተነባበረበት ማሽን ቢሆንስ? በአንዱ ወገን ያለው ክንፍ ነፋሱን ይበልጥ ይይዛል፣ የወዲያኛው ይለቀዋል፤ ማሽኑም በአብራሪው ፈቃድ ያዘነብላል። ያዘነበለ ክንፍ ደግሞ ወደ ላይ ብቻ አያነሳም፤ ከኃይሉ ከፊሉ ወደ ጎን ይስባል። አውሮፕላንን የሚያዞረው ይኸው ወደ ጎን የሚስበው ኃይል ነው። እማማን ያሰጋቸው ቆርቆሮ፣ ኤለሮን የሚባለው፣ የዚያ ካርቶን የልጅ ልጅ ነው፤ በአንዱ ክንፍ ላይ ሲወርድ በሌላው ይነሳል። አፍንጫውን ቀና ደፋ የሚያደርገው ኤሌቬተር ደግሞ ያኔ ቦታው ከፊት ነበር።

ወንድማማቾቹን ማዘንበሉ ራሱ ሌላ ችግር አመጣባቸው። ይበልጥ የሚያነሳ ክንፍ በአየሩም ይበልጥ ይያዛል። ወደ ግራ ሊዞሩ ሲያዘነብሉ ከፍ ያለው የቀኝ ክንፍ ወደ ኋላ ይቀራል፤ አፍንጫው ጭራሽ ወደ ቀኝ ይሄዳል። በ1902 በሠሩት ሞተር አልባ መንሸራተቻ ጅራት ላይ፣ ይህን ይገታልናል ብለው፣ የማይንቀሳቀሱ ሁለት ቋሚ ክንፎች ተከሉ። አንዳንዴ ሠራ፤ አንዳንዴ ደግሞ ማሽኑ ወደ ዝቅተኛው ክንፉ እየተንሸራተተ ዞሮ አሸዋውን ቦረቦረው። «ጉድጓድ ቁፋሮ» የሚል ስም አወጡለት።

አንድ ማታ ኦርቪል ቡና አበዛና እንቅልፍ ከዳው። ተጋድሞ ሲያወጣ ሲያወርድ መላው መጣለት፦ የጅራቱ ክንፍ ይንቀሳቀስ። ታናሹ ያመጣውን ሐሳብ መቃወም ልማዱ የነበረው ዊልበር ጠዋት ሲነገረው ትንሽ አሰበ፤ ተስማማም፤ አልፎም የጅራቱን ገመድ ከክንፉ መጠምዘዣ ጋር እናያይዘው አለ። ዛሬ ረደር የምንለው የጅራት መሪ ትክክለኛ ሥራው ያኔ ታወቀ። የሚያዞረው ማዘንበሉ ነው፤ ረደሩ አፍንጫው መስመር እንዳይስት ይጠብቃል። ቡና ከየት ምድር እንደወጣ ለዚህ አንባቢ አልነግርም፤ ወንድማማቾቹ ባወጡት ፓተንት ላይ ግን ድርሻችን አልተጻፈም።

ፓተንቱ በ1906 ወጣ፤ ጣጣውም ተከተለ። ራይቶች የእኛ የሚሉት ክንፍ መጠምዘዝን ብቻ አልነበረም። የክንፍን ግራና ቀኝ በተለያየ ማዕዘን አድርጎ ሚዛን መጠበቅ በማንኛውም ዘዴ ቢሆን የእኛ ነው አሉ። ተፎካካሪያቸው አውሮፕላን ሠሪ ግሌን ከርቲስ ክንፉን ሳይጠመዝዝ ኤለሮን አንጠልጥሎ በበረረ ጊዜ ከሰሱት፤ ረቱትም። ማቲው ቦልተን የተባለ እንግሊዛዊ ግን ኤለሮንን የመሰለ ነገር በ1868 ፓተንት አስወጥቶበት ነበር። የሚገጠምበት አውሮፕላን ገና ስላልተሠራ ዓለም ረሳው። እኔ በዳኝነቱ ብቀመጥ ለራይቶች እፈርዳለሁ፤ ሦስቱን መቆጣጠሪያ አስማምቶ የበረረ ከነሱ በፊት የለምና። «በማንኛውም ዘዴ» የምትለዋን ሐረግ ግን እሰርዛት ነበር። ዊልበር በ1912 በታይፎይድ ሞተ፤ ኦርቪል ወንድሙን ያዳከመው ሙግቱ ነው ብሎ ያምን ነበር። ነገሩ የበረደው አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ በገባችበት በ1917፣ መንግሥት አምራቾቹን ፓተንታቸውን በጋራ እንዲጠቀሙ ባስማማ ጊዜ ነው።

እስከዚያ የሚጠመዘዘው ክንፍ ራሱ እየጠፋ ነበር፤ ክንፍ እየጠነከረ ሲሄድ መጠምዘዝ አይመችም፣ ኤለሮን ማንጠልጠል ይቀላል። ሐሳቡ ግን አልሞተም። ናሳ የአንድ ኤፍ-18 ተዋጊ ጄት ክንፍ ሆን ብሎ እንዲለሰልስ አድርጎ፣ በመጠማዘዝ እንዲያዘነብል በ2002 ሙከራ ጀመረ። ጄቱ በደንብ አዘነበለ፤ የሚከስ ራይትም አልነበረም።